ካሜራውን ቢሮ ትታችሁ ሂዱ፦ ሚዲያ ቤት ለታመሙ ልጆችና ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች እንዴት ይሥራ?

የሬዲዮ ፕሮዲዩሰር ነኝ። ላለፉት 11 ዓመታት ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን የመሥሪያ ቤታችንን የበጎ አድራጎት ሥራ ሳስተባብር ቆይቻለሁ። ሥራው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ ልጆች ጋር የምንሠራው ሳምንታዊ ፕሮግራም ነው። ሌላው አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን የሬዲዮ ሙያ የምናስተምርበት ነው። ሰሞኑን ከሌሎች ሚዲያ ቤቶች "እኛም ልንጀምር ነው፣ ከየት እንነሳ?" የሚል ስልክ በዝቶብኛል። ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ያጠፋነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ሚዲያ ቤት የሚያደርገውን ነው ያደረግነው። በበዓል ሰሞን አሻንጉሊት ገዛን። ቲሸርት አሳተምን። 14 ሰው ሆነን ሁለት ካሜራ ይዘን ሆስፒታሉ ውስጥ ልጆች የሚተኙበት ክፍል (ዋርድ) ገባን። አሻንጉሊቱን አስታቅፈን ልጆቹን ፎቶ አነሳን። 40 ደቂቃ ቆየን፣ ወጣን። ማታ ፎቶዎቹን ለቀቅናቸው። በማግስቱ አንዲት እናት ደወለችልኝ። አልጮኸችም። "የልጄን በሽታ ለአያቱ እንኳን አልነገርኩም ነበር" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ፎቶውን አጎላሁት። የልጁ ፊት ዞር ብሏል፣ እሱስ ብዙም አይለይም። እጁ ላይ በታሰረው የሆስፒታል አምባር ላይ ግን ሙሉ ስሙ ይነበባል። ከአልጋው በላይ ደግሞ የክፍሉ ስም ተጽፏል። የካንሰር ክፍል ነው። ፎቶውን ወዲያው አወረድነው። እስከዚያ ድረስ ግን ሰው ተቀባብሎት ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ ስሄድ ልጁ አሻንጉሊቱን ጎረቤት አልጋ ላይ ላለች ልጅ ሰጥቶት ነበር። "ያ ማይክ ያለው ሰውዬ ተመልሶ ይመጣል?" ብሎ ጠየቀኝ። ፕሮግራማችን የተጀመረው ያን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

ያላችሁን ስጡ

አሻንጉሊት ማንም ይገዛል። ስቱዲዮ፣ ማይክ፣ ድምፅ የሚቀርጽና የሚያቀናብር ባለሙያ ያለው ግን ሚዲያ ቤት ነው። ስለዚህ የምትሰጡት እሱን ይሁን።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ከለንደን በስተደቡብ ካርሻልተን በሚገኘው የኩዊን ሜሪ የሕፃናት ሆስፒታል ሬዲዮ ሎሊፖፕ የሚባል የልጆች ጣቢያ ተመሠረተ። በጎ ፈቃደኞች ምሽት ላይ በየዋርዱ እየዞሩ ከልጆቹ ጋር ይጫወታሉ፣ የሚፈልጉትን ዘፈን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ በሆስፒታሉ ሬዲዮ ያሰሙላቸዋል። ዛሬ ከእንግሊዝ አልፎ በሌሎች አገሮችም ይሠራል። የዘፈን ምርጫ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን አስቡት። ሆስፒታል የተኛ ልጅ የመርፌውን ሰዓት አይመርጥም። የምግቡን፣ የእንቅልፉን፣ የገላ መታጠቢያውን ሰዓት አይመርጥም። "ይሄ ዘፈን ይሁንልኝ፣ ያኛው አይሁን" ሲል፣ ምናልባት በዚያ ቀን ቃሉ የተሰማለት በዚህ ብቻ ነው።

ከማን ጋር ትነጋገራላችሁ?

ደብዳቤው ለሆስፒታሉ አስተዳደር ይግባ፣ ግድ ነው። ፕሮግራሙን በእግሩ የምታቆመው ግን የዋርዱ ዋና ነርስ ናት። የዶክተሮች ዙር መቼ እንደሚያልቅ፣ መድኃኒት መቼ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ልጅ ዛሬ ማንንም ማየት እንደማይፈልግ የምታውቀው እሷ ናት። የልጆች ጨዋታ ባለሙያ ወይም ሶሻል ወርከር ካለ እሱንም ከመጀመሪያው አስገቡት።

የእኛዋ ሲስተር መጀመሪያ ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። "በየስንት ጊዜው ትመጣላችሁ?" በየሳምንቱ አልኳት። "እሱን ሦስት ወር ሙሉ ከመጣችሁ በኋላ እንነጋገርበታለን" አለችኝ። ልክ ነበረች። በዓል ሲመጣ ግርግር ይሆናል፣ በዓሉ ሲያልፍ ዝር የሚል የለም። ስለዚህ አቅማችሁን ሳታውቁ ቃል አትግቡ። በወር አንድ ጊዜ ብቻ የምትችሉ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ በሉ፤ ግን አትቅሩ። ልጆቹ ቀን ይቆጥራሉ።

ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ከልጆቹ ጋር ይሆናል፣ አንዱ ዕቃውን ይይዛል። ጠቅላላ ጊዜው ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥ፤ ከአንድ ልጅ ጋር ደግሞ ልጁ እስከፈለገው ድረስ ብቻ ነው።

ዋርድ ከመግባታችሁ በፊት

እዚህ ጋ ቀልድ የለም። ካንሰር የሚታከም ልጅ ሰውነቱ ጉንፋንን እንኳን መከላከል ሊያቅተው ይችላል። ለእናንተ ተራ ሳል የሆነው ለእሱ አደጋ ነው። ጉሮሮውን ከከረከረው፣ ካስነጠሰው፣ ካስቀመጠው ወይም ካተኮሰው ያን ቀን ማንም አይሄድም። ተተኪ ሰው አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

እጃችሁን ስትገቡም ስትወጡም፣ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ስትሄዱም አጽዱ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በአልኮል ሳኒታይዘር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት፣ በሳሙናና በውኃ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ሂደቱ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ እንዲወስድ ነው። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ።

ዕቃውን በተመለከተ ከልምድ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። የማይክ ስፖንጅ ትንፋሽና ምራቅ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አዲስ ስፖንጅ ይሁን፣ ሲጨርስ ለራሱ ስጡት። ጨርቅ ያለበት የጆሮ ማዳመጫ አትውሰዱ፤ በቆዳ መሰል ፕላስቲክ የተሸፈነው ይጠረጋል። ሚክሰሩም (የድምፅ ማደባለቂያው) ማይኩም በባትሪ የሚሠራ ይሁን። ከአልጋ አጠገብ ያለ ሶኬት ለሕክምና መሣሪያ ነው፣ ባዶ ቢሆንም የእናንተ አይደለም። የምትዘረጉት ገመድ ነርስ በሩጫ በምታልፍበት መንገድ ላይ እንዳይሆን።

አበባ፣ ፀጉራም አሻንጉሊትና የላቴክስ ፊኛ ሳትጠይቁ አትውሰዱ። አበባና ፀጉራም አሻንጉሊት ጀርም ይዘው ይገባሉ። ላቴክስ ደግሞ አለርጂ ያስነሳል፤ በተለይ ስፓይና ቢፊዳ (ከውልደት የሚመጣ የአከርካሪ ችግር) ያለባቸው፣ ብዙ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ልጆች ለዚህ ይጋለጣሉ። ለልደትም ቢሆን ሻማ አይበራም፣ ኦክስጅን አለ።

ለብቻው ክፍል ተለይቶ የተኛ ልጅ ካለ አትግቡ፣ ግን አትዝለሉት። እኛ በስልክ ነው የምናስገባው። እናቱ ስልኩን ትይዝለታለች፣ እሱ ከክፍሉ ሆኖ ፕሮግራሙን ይከፍታል። ከሁሉ የተለየ የተረጋጋ አቅራቢ ያገኘነው እንደዚህ ነው።

ከልጁ ጋር

ቆማችሁ አታናግሩት። ወንበር ስባችሁ በዓይኑ ልክ ተቀመጡ። አልጋው ላይ አትቀመጡ፣ ያ አልጋ ቤቱ ነው። "ልቀመጥ?" በሉ። አይሆንም ካለ "እሺ" ብላችሁ ሂዱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተመልሳችሁ ጠይቁት።

"ምን ሆነህ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። ይሄን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ ይጠየቃል። "በርታ፣ ትድናለህ" አትበሉ። እናንተ አታውቁም። ልጁ ራሱ ስለ ሕመሙ ካወራ አዳምጡ፣ ወሬ አትቀይሩበት።

አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችልንም። ስንመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። በአራተኛው ሳምንት ባልደረባዬ ምንም ሳይናገር የጆሮ ማዳመጫውን ጠርጎ አልጋዋ ጠርዝ ላይ አስቀመጠላት፣ ማይኩን ከፍቶ። አደረገችው። የራሷን ትንፋሽ ሰማች። ነፋች። ቀጥላ ምላሷን አጮኸች። ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ አሳያት፣ እሷም ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ገፋችው። ከዚያ "ጸጥታ! ዜና ነው" አለች። "የ3 ቁጥር አልጋው ልጅ ዛሬ ግሉኮሱ ተነቀለለት። የ5 ቁጥር አልጋዋ እናት ሌሊት አንኮራፍተዋል። የነገ መርፌ ለጊዜው አልታወቀም።" ዋርዱ በሳቅ ተናጋ። የ5 ቁጥሯ እናት ከሁሉም በላይ ሳቁ።

ያ ዜና ከዋርዱ አልወጣም። ይሄንን አስምሩበት። እኛ የምንሠራው አብዛኛው ነገር በአንድ ትንሽ ስፒከር እዚያው ለዋርዱ የሚሰማ ነው። ወደ ዋናው ጣቢያ የሚሄደው ጥቂቱ ነው። አዲስ የሚጀምሩ ሰዎች "ታዲያ ለአድማጭ ካልተላለፈ ምን ዋጋ አለው?" ይሉኛል። አድማጩ ልጁ ነው።

አስታማሚዋንም አትርሱ። ልጁ ከእኛ ጋር ሲጫወት እናትየው ሻወር መውሰድ፣ ስልክ መደወል፣ ውጭ ወጥታ አየር መሳብ ትችላለች። ግን ለነርሷ ሳትናገሩ ልጁን ለብቻችሁ አትቀበሉ። ሁልጊዜ የሆስፒታሉ ሰው የሚያያችሁ ቦታ ላይ ሁኑ። ይህ ለልጁም ለእናንተም ጥበቃ ነው።

ፈቃድ

የወላጅ ፊርማ ብቻ አይበቃም። ልጁም እሺ ማለት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸው እንዲሰማ፣ በአንቀጽ 16 ደግሞ የግል ሕይወታቸው እንዲጠበቅ ይላል። የጨዋታ መብታቸውም በአንቀጽ 31 አለ።

ቅጹን ከመስጠታችሁ በፊት በቃል የምትናገሩት አንድ ነገር ይኑር። እኛ የምንለው እንዲህ ነው፦ "እሺ ብትሉም እምቢ ብትሉም እንመጣለን። ዛሬ እሺ ብላችሁ ነገ ብትቀይሩም እናጠፋዋለን።" ፈቃድ ሁለት ጊዜ ጠይቁ። አንዴ ከመቅረጻችሁ በፊት፣ አንዴ ቀረጻው ተቀናብሮ ካሰማችኋቸው በኋላ። የምርመራ ውጤት በሰሙበት ቀን ግን ምንም አታስፈርሙ። ያን ቀን ሰው የሰጡትን ሁሉ ይፈርማል።

የግድ ፎቶ ካስፈለገ ከመልቀቃችሁ በፊት አጉልታችሁ እዩት። አምባር፣ ከአልጋው በላይ ያለ ሰሌዳ፣ የሐኪም ካርድ፣ የመሣሪያው ስክሪን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከኋላ ያለ ሌላ ልጅ። እኛ አሁን የምናነሳው እጅና ማይክ ብቻ ነው። አምባሩ ያለበትን እጅ አይደለም።

ወጣቶቹ ጋ ሥራው ሌላ ነው

አካል ጉዳተኛ ወጣት ታማሚ አይደለም። እሱን ለማጽናናት ማይክ አትስጡት፤ ሙያ አስተምሩት፣ ክፈሉት።

ሚዲያ በዚህ ጉዳይ የቆየ ጥፋት አለበት። በአሜሪካ ኮሜዲያኑ ጄሪ ሉዊስ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በየዓመቱ ይመራው የነበረው የጡንቻ መድከም ሕሙማን ቴሌቶን (ረጅም የቴሌቪዥን የገንዘብ ማሰባሰቢያ) ብዙ ገንዘብ ሰብስቧል። ዳሩ ግን በልጅነታቸው እዚያው መድረክ ላይ የቀረቡ ሰዎች ሲያድጉ ተቃወሙት። ገንዘብ እንዲመጣ እንደ ምስኪን ታየን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮሚቴ የሜክሲኮን ቴሌቶን በተመለከተ አካል ጉዳተኞችን የምጽዋት ተቀባይ አድርጎ ማሳየቱ እንደሚያሳስበው ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 8 ሚዲያዎች አካል ጉዳተኞችን ከመብታቸው ጋር በሚጣጣም መንገድ እንዲያሳዩ ማበረታታት እንደሚገባ በግልጽ ይናገራል። ልብ የሚነካ ሙዚቃ ከሥር አስገብታችሁ "ይህ ሁሉ ሳይበግረው" የሚል ፕሮግራም ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

ከሕንፃው ጀምሩ። ደረጃ ካለ ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ይሠራ። የተለመደው ልክ 1 ለ 12 ነው። የ50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ የ6 ሜትር ራምፕ ይፈልጋል ማለት ነው። ከዚያ ያጠረ ቁልቁለት እንጂ መግቢያ አይሆንም። የስቱዲዮው በር ሲከፈት ዊልቸር ያሳልፋል ወይ? የስቱዲዮ በር ከባድ ነው፣ ደፍ አለው። ለኩት። ጠረጴዛው ሥር ጉልበት ይገባል? ሽንት ቤቱስ? እኛ ራምፑን አስመርቀን ሽንት ቤቱን የረሳን ሰዎች ነን። ወጣቶቹ ጠዋት ውኃ ሳይጠጡ እንደሚመጡ ያወቅነው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አሁን ድረስ ያሳፍረኛል።

ማየት የተሳናቸው ወጣቶች ኮምፒውተር በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ ይጠቀማሉ። ኤንቪዲኤ የሚባለው ነጻ ነው፤ የጀመሩትም ማየት የተሳናቸው ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው። ሪፐር የተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ኦሳራ ከሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ጋር ሲጫን ያለ ማውስ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ይሠራል። አንድ ሠልጣኛችን መጀመሪያ ቀን የጣቢያውን የስርጭት ፕሮግራም ከፍቶ ስፒከሩን ወደ እኛ አዞረልን። ማሽኑ "በተን፣ በተን፣ በተን" ብቻ ይላል። በእንግሊዝኛ ቁልፍ ማለቱ ነው፤ ቁልፎቹ ስም አልተሰጣቸውም። አንዱ የቀጥታ ስርጭቱን የሚዘጋ ነው። "የትኛው እንደሆነ ማወቅ የምችለው ስጫነው ነው" አለን። ከቴክኒሻናችን ጋር ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ቁልፍ ስም አወጡለት። አንድ ከሰዓት ፈጀባቸው። ዛሬ የማለዳውን ዜና የሚያቀናብረው እሱ ነው፣ በደመወዝ።

መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ሬዲዮ ቤት ምን ይሠራሉ የሚለኝ አለ። ቪዲዮ ይቀርጻሉ፣ ኤዲት ያደርጋሉ፣ ይጽፋሉ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስትቀጥሩ ለረጅም ሥልጠና ሁለት ይሁኑ፣ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ይፈራረቁ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ትርጉሙ ይደክማል። ስትናገሩ ወጣቱን እዩት፣ አስተርጓሚውን አይደለም።

ንግግሩ የሚጎተት ወይም የሚንተባተብ ወጣት ሲቀረጽ ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሱለት። ኤዲት ስታደርጉም ዝምታውን ሁሉ አትቁረጡ። ምን ያህሉ እንዲቆረጥ እሱን ጠይቁት። ደግሞም ሁልጊዜ ስለ አካል ጉዳት ብቻ እንዲዘግብ አትላኩት። ስፖርት የሚወድ ስፖርት ይሥራ።

ገንዘቡ

አጭር ነው የምለው። ለበጎ አድራጎቱ የተለየ የባንክ ሒሳብ፣ ሁለት ፈራሚ፣ የውጭ ኦዲተር ይኑር። የገባውንና የወጣውን በራሳችሁ ማይክ ተናገሩ። ነዳጁን፣ ደመወዙን፣ ቲሸርቱን ድርጅቱ ከራሱ ይቻል፤ አድማጭ ለልጆቹ የሰጠው ለልጆቹ ይድረስ። ስፖንሰር ሲመጣ አርማው ዋርድ እንደማይገባ መጀመሪያውኑ በውል ላይ ይጻፍ። ትንሽ መጀመር አያሳፍርም። ዛሬ ቢቢሲ ለልጆች የሚያካሂደው ትልቁ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1927 በገና ዕለት የተላለፈ የ5 ደቂቃ የሬዲዮ ፕሮግራም ነው።

አልጋው ባዶ ሲሆን

ይሄንን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም፤ እናንተ ግን አውቃችሁት ግቡ። አንድ ሳምንት ትሄዳላችሁ፣ አልጋው ተነጥፏል። ልጁ ድኖ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። በሌሎቹ ልጆች ፊት "የት ሄደ?" አትበሉ። ሲስተሯን ኮሪደር ላይ ጠይቁ። እሷ ልጆቹ ምን እንደተነገራቸው ታሳውቃችኋለች፣ እናንተም ያንኑ ጠብቁ። ፕሮግራሙን ሥሩ። ሲያልቅ ከባልደረባችሁ ጋር መኪና ውስጥ ትንሽ ተቀመጡ፣ አውሩት። የሚያለቅስ ሰው ካለ ያልቅስ፣ ቀጣዩን ሳምንት ሌላ ሰው ይተካው።

ቀረጻውን በሥርዓት አስቀምጡ። የእኛ ፋይሎች ስም የላቸውም፣ ቀንና ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚገልጸው መዝገብ ከፈቃድ ቅጾቹ ጋር ተቆልፎ ይቀመጣል። ቤተሰብን "ድምፁ አለን" ብላችሁ አትደውሉላቸው። እነሱ ሲዘጋጁ ይመጣሉ፣ ወይም አይመጡም። ቢሆንም አንድ ቅጂ ሁልጊዜ ሳይቆረጥ፣ ሳይቀናበር እንዳለ ይቆይ።

አንድ አልጋ ባዶ ከሆነ ከሰባት ወር በኋላ አንድ አባት መጣ። የልጁን ስም ነገረኝ፣ መዝገቡን ከፈትኩ፣ ቁጥሩን አገኘሁት። 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው። ስቱዲዮውን ከፍቼለት፣ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጌለት፣ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን አሳይቼው ወጣሁ።